የአማርኛ መመረቂያ ጽሑፍ በየትኛው ፎንት ይጻፍ?

ታናሽ እህቴ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አንድ ቀን ሲቀራት አብሬያት ፎቶኮፒ ቤት ሄድኩ። ፍላሹን ሰጠነው፣ ልጁ ፋይሉን ከፈተ። የእንግሊዝኛው ክፍል ደህና ነበር። ምዕራፍ አራት ላይ ስንደርስ ግን፣ ሁለት ወር ገጠር ለገጠር ዞራ የሰበሰበችው ቃለ መጠይቅ በሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ቁጭ አለ። አንዲትም የአማርኛ ፊደል የለችበትም።

«ይሄ ፎንት እዚህ ማሽን ላይ የለም። በሌላ ልቀይርልሽ?» አላት። ቀየረው። አሁን ፊደሉ የአማርኛ ሆነ፣ ቃሉ ግን የማንም ቋንቋ አይደለም። «ለ» የነበረበት ቦታ ሌላ ፊደል ገብቷል፣ አራት ነጥቡ የት እንደገባ አይታወቅም። እህቴ ስክሪኑን እያየች እንባዋ መጣ። ወደ ቤት ተመልሰን፣ ከራሷ ላፕቶፕ ላይ ፒዲኤፍ አድርገን እስክንመጣ ቤቱ ሊዘጋ ደርሶ ነበር።

ጽሑፉ ታተመ፣ ዲፌንሱንም በደንብ ተወጣችው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቴሲስ ሊጀምር የተዘጋጀ ሰው ሳገኝ ከርዕሱ በፊት የምጠይቀው ፎንቱን ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይጀመር ቢያልቅ ጥሩ ነው። እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ የትምህርት ክፍላችሁን መመሪያ አንብቡ

አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ መመሪያ የሚለው ተመሳሳይ ነው፦ ታይምስ ኒው ሮማን፣ መጠን 12፣ የመስመር ርቀት 1.5፣ በግራ በኩል ለጥረዛ ሰፋ ያለ ማርጂን። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሄ በቂ ነው። ለአማርኛ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ታይምስ ኒው ሮማን ውስጥ አንድም የኢትዮጵያ ፊደል የለም። ፎንቱ እ.ኤ.አ. በ1932 መታየት የጀመረው በለንደኑ «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ላይ ነው። የተሠራውም ለዚያ ጋዜጣ ጠባብ ዓምዶች ነው።

ስለዚህ መመሪያው ስለ አማርኛ የሚለው ነገር እንዳለ ፈልጉ። የፎንቱን ስም ጠቅሶ ከሆነ ክርክር አያስፈልግም፣ እሱን ውሰዱና ከዚህ በታች ያለውን ፈተና ብቻ አሳልፉት። ዝም ካለ ደግሞ አማካሪያችሁን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ እጃችሁ ላይ ይኑር። በቃል «የፈለግሽውን ተጠቀሚ» የተባለ ነገር ዲፌንስ ላይ ሌላ ፈታኝ ሲያነሳው የሚያስታውሰው አይገኝም።

አንድ ነገር ጨምሩ። ወደ ትምህርት ክፍላችሁ ቤተ መጻሕፍት ግቡና በቅርብ ጊዜ ያለፉ ሁለት ሦስት የአማርኛ ጽሑፎች አውጥታችሁ ተመልከቱ። በየትኛው ፎንት እንደተጻፉ ብቻ አይደለም የምታዩት። ሃያ ገጽ ያህል አንብቡና ዓይናችሁ የት ላይ እንደደከመ ልብ በሉ።

2. ፎንቱ ዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጡ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄኛውን አንብቡ።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸው ቁጥር የተሰጣቸው የጋራ መዝገብ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደል ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል እንደተጻፈ ነው፣ ፎንቱ ግን በዚያ ቦታ «ለ»ን ይስልልናል። በዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ነበር። አማርኛ በኮምፒውተር የተጻፈው በእነዚያ ሰዎች ብልሃት ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ድርጅት ወንበሩን በራሱ መንገድ መደልደሉ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ዝብርቅርቁ ይወጣል፣ የሌላ ድርጅት ፎንት ሲደረግበት ደግሞ እህቴ ላይ የደረሰው ይደርሳል።

ፈተናው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ የአማርኛ ቃል ምረጡና ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ስልካችሁ ላይ በአማርኛ ከደረሰ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደል ሆኖ ከደረሰ የድሮው ዓይነት ነውና ተዉት። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የምትጠቀሙ ሰዎች ሁለቱም ዓይነት ፎንት ኮምፒውተራችሁ ላይ ሊኖር ስለሚችል ስሙ ላይ «ዩኒኮድ» የሚል ያለበትን ምረጡ። ፈተናውን ግን ለእሱም አድርጉ።

«እኔ የማስረክበው በወረቀት ነው፣ ምን አገባኝ?» የሚል ሰው ይኖራል። ዛሬ ጽሑፋችሁ ወረቀት ላይ አይቀርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ማከማቻ ያስቀምጣሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ በእናንተ ርዕስ ላይ ሲሠራ ፒዲኤፉን ከፍቶ «ደቦ» ብሎ ይፈልጋል። በድሮ ፎንት ከተጻፈ ዓይኑ እያየው ኮምፒውተሩ «የለም» ይለዋል። ከጽሑፋችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጎ ሊጠቅሳችሁ ቢፈልግም አይችልም። ያን ሁሉ የለፋችሁበት ሥራ እንደ ፎቶ ብቻ ነው የሚታየው።

በድሮ ፎንት የተጻፈ ቃለ መጠይቅ ወይም የቀድሞ ጽሑፍ ካላችሁ አሁኑኑ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ። ከተቀየረ በኋላ ግን ከዋናው ጋር ቃል በቃል አስተያዩት። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እንደ ቋ፣ ጓ፣ ኳ ያሉት ፊደላት፣ ሥርዓተ ነጥቡና ቁጥሮቹ ጋ ነው።

3. ሦስት ዕጩ ምረጡ

ከሦስት በላይ አታወዳድሩ፣ ዓይን ይደክማል። ከእነዚህ ውስጥ ብትመርጡ አትከስሩም።

ኒያላ፦ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ፎንት ነው። ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ አማርኛ ስትጽፉ ሳትጠሩት የሚመጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የብዕር ጠባይ አለው፣ ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር ይለያል፣ ለንባብም አይከብድም። ጉድለቱ የራሱ ቦልድ የሌለው መሆኑ ነው። ይህን ወደ ኋላ አብራራዋለሁ። ዊንዶውስ 10 ላይ ካጣችሁት አትደንግጡ፣ ተጨማሪ ክፍል ተደርጎ ስለወጣ ነው። ከሴቲንግስ ውስጥ አማርኛን ወደ ቋንቋዎቹ ዝርዝር ስትጨምሩ አብሮ ይወርዳል።

ኤብሪማ፦ ይሄም የዊንዶውስ ነው። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት አለው። የራሱ ቦልድ አለው። ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። መቶ ገጽ በእሱ አንብቡ ብባል ግን አልመርጠውም፣ ፊደሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጉልበት ስላላቸው ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ለሰንጠረዥና ለግራፍ ግን በጣም ደግ ነው።

አቢሲኒካ ኤስአይኤል፦ በነፃ የሚወርድ ነው። ቅርጹን የወሰደው ከብራና ጽሑፍ ነው፣ የመቃ ብዕር ሲወርድና ሲታጠፍ ይታይበታል። ስለ ግዕዝ ጽሑፎች፣ ስለ ቅኔ፣ ስለ ድርሳናት ለሚጽፍ ሰው የሚያህለው የለም። በኢትዮጵያ ፊደል የሚጻፉ የሌሎች ቋንቋዎቻችን ልዩ ፊደላትም አሉት። እሱም አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው።

ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ፦ የጉግል ነው፣ ነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ብዙ ደረጃ አለው። የብዕሩን ጠባይ ሳያጋንን ይዟል። ለአማርኛ ቴሲስ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምለው። አርዕስቱን በእውነተኛ ቦልድ፣ ዋናውን በመደበኛው ማድረግ ይቻላል፣ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ስታወርዱት አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በዚፕ ፋይሉ ውስጥ ውፍረቱ እንደ ልብ የሚለዋወጥ አንድ ፋይል አለ፣ «ስታቲክ» የሚባል ፎልደርም አለ። ወርድ ከመጀመሪያው ጋር ብዙም አይስማማም። ከስታቲኩ ፎልደር ሬጉላሩንና ቦልዱን ብቻ ጫኑ።

ማክ የምትጠቀሙ ከፋ የሚባለውን ፎንት ታገኛላችሁ። ያምራል። ነገር ግን አማካሪያችሁ ዊንዶውስ ከሆነ እሱ ጋ የለም፣ የወርድ ፋይሉን ስትላላኩ ገጹ ይናወጣል። ለሁለታችሁም የሚሆነው ከነፃዎቹ አንዱ ነው።

ጌጠኛ የሆኑትን፣ ለመጽሔት ሽፋንና ለሠርግ ካርድ የተሠሩትን፣ ለሽፋን ገጽ እንኳ አትንኳቸው።

4. የፈተና ገጽ አዘጋጁ፣ ከዚያም አትሙት

ከራሳችሁ ጽሑፍ አንድ ሙሉ ገጽ ውሰዱ። ርዕስ ይኑረው፣ ሁለት ሦስት አንቀጽ ይኑረው፣ የግርጌ ማስታወሻ ይኑረው፣ የእንግሊዝኛ ስምና ዓመተ ምሕረት ይኑረው። ከታች ደግሞ እነዚህን ፊደላት ጻፉ፦

ጨ ጪ ጭ ጮ ጯ፣ ሐ ሕ ኀ ኅ ኃ፣ ጸ ጽ ፀ ፅ፣ ከ ኸ ኧ፣ ቈ ኰ ጐ ኈ፣ ቋ ጓ ኳ፣ ቨ ቪ፣ ፩ ፪ ፫ ፲ ፻፣ ፡ ። ፣ ፤ ፦

ይህን ገጽ በሦስቱ ዕጩዎች ሦስት ጊዜ አትሙት። ስክሪን ላይ ማየት አይበቃም፣ ስክሪን ያበራል፣ ያሰፋል፣ ይዋሻል። በምታስረክቡበት ዓይነት ወረቀት፣ በምታሳትሙበት ቤት ማሽን ቢሆን ይመረጣል። ጥቂት ብር ነው።

ከዚያ ወረቀቱን እንደማንኛውም አንባቢ ያዙት። መጀመሪያ «ጭ»ን ተመልከቱ። ታች ያሉት እግሮቿ ተለያይተው ይታያሉ ወይስ አንድ ላይ ተጣብቀው ጥቁር ነጥብ ሆነዋል? ቀጥሎ ኀ፣ ኅ እና ኃን በመደበኛው ርቀት ሳትጠጉ ለዩ። ከዚያ ፀ እና ፅን። ስለ ቋንቋ ወይም ስለ ጥንታዊ ጽሑፍ የምትጽፉ ሰዎች እነዚህ ካልተለዩ ሥራችሁ ራሱ አይነበብም።

ከፊደሎቹ አንዱ ከጎረቤቶቹ ከቀጠነ ወይም ከወፈረ፣ እሱ ፊደል በፎንቱ ውስጥ የለም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ነው ያመጣላችሁ። ባዶ ሳጥን ከመጣማ ነገሩ ግልጽ ነው። ፎንቱን ከዝርዝሩ አውጡት።

አሁን ወደ ቦልዱ እንምጣ። የራሱ ቦልድ የሌለውን ፎንት «ቦልድ» ስትሉት ወርድ እንቢ አይልም። ያንኑ ፊደል በጥቂቱ ጎተት አድርጎ በላዩ ላይ በመደረብ ያወፍረዋል። የላቲን ፊደል ይህን ይችለው ይሆናል። የእኛ ፊደል ውስጡ ጠባብ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ሐ ሲወፍሩ ውስጣቸው ይሞላል። ኒያላን በ12 ቦልድ አድርጋችሁ «ጭጭ» የሚለውን ቃል አትሙና እዩት። ስለዚህ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ከመረጣችሁ ርዕሱን በቦልድ አትለዩት። መጠኑን ከፍ አድርጉት፣ ከላይና ከታች ቦታ ስጡት። ገጹ ጸጥ ያለና ያማረ ይሆናል።

ማዘንበልን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፣ የአማርኛ ፊደል አይዘንበል። ኢታሊክ የላቲን የእጅ ጽሑፍ ልጅ ነው። የእኛ ጸሐፊዎች አጽንዖት መስጠት ሲፈልጉ ቀይ ቀለም ነበር የሚያነሱት፣ የቅዱሳን ስም በብራና ላይ በቀይ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ወርድ ውስጥ ያለው የአማርኛ ኢታሊክ ፊደሉን በግድ ገፍቶ ያጋደለው እንጂ ማንም ተቀምጦ የሳለው አይደለም። ችግሩ፣ የማጣቀሻ አጻጻፍ ሥርዓቶች የመጽሐፍ ርዕስ እንዲዘነብል ይጠይቃሉ። ለእንግሊዝኛ መጻሕፍት አዘንብሉ። ለአማርኛዎቹ ግን እንደዚህ « » ባለ ትእምርተ ጥቅስ ወይም፣ ፎንታችሁ እውነተኛ ቦልድ ካለው፣ በቦልድ ለማድረግ ከአማካሪያችሁ ጋር ተስማሙ። የተስማማችሁበትን እስከ መጨረሻው ገጽ ጠብቁ።

5. መጠኑንና የመስመሩን ርቀት አስተካክሉ

12 የሚለው ቁጥር በሁሉም ፎንት ላይ እኩል አይታይም። ቁጥሩ የሚለካው ፊደሉ የቆመበትን ሳጥን ነው። በሳጥኑ ውስጥ ፊደሉን ትልቅ ወይም ትንሽ አድርጎ መሳል የፎንቱ ሠሪ ፈንታ ነው። ስለዚህ አንድ የአማርኛና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጎን ለጎን ጻፉ። ስክሪኑን 200 ፐርሰንት አጉሉትና ቁመታቸውን አስተያዩ። አማርኛው ካነሰ ወደ 13 ከፍ አድርጉት፣ ከገዘፈ ወደ 11 አውርዱት። መመሪያው አማርኛውን «12» ብሎ ካሰረ፣ እሱን 12 አድርጋችሁ እንግሊዝኛውን በግማሽ ነጥብ መቀነስ ወይም መጨመር ይቻላል። 11.5 ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉት፣ ወርድ ይቀበላል።

ለርዕስ ከ14 እስከ 16 በቂ ነው። የግርጌ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ በ10 ይጻፋል። እዚያ ላይ የፈተና ገጻችሁን እንደገና ተመልከቱ። በ12 የተነበበ ጭ በ10 ላይነበብ ይችላል።

የመስመር ርቀት ላይ ብዙ ሰው ሲቸገር አይቻለሁ። በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ቴሲስ መሐል አንድ የአማርኛ ቃል ስትገባ ያች መስመር ብቻ ከፍ ትላለች። ገጹ እንደ ተጎሳቆለ አጥር እዚህ ጋ ሰፋ፣ እዚያ ጋ ጠበብ ይላል። ምክንያቱ ሁለቱ ፎንቶች የሚጠይቁት የከፍታ ቦታ መለያየቱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አንቀጹን ምረጡ፣ ፓራግራፍ የሚለውን ክፈቱ፣ ላይን ስፔሲንግ ላይ «ኤግዛክትሊ»ን ምረጡና 20.7 ብላችሁ ጻፉ። ታይምስ ኒው ሮማን በ12፣ በ1.5 ርቀት ሲቀመጥ የሚይዘው ያንኑ ያህል ነው። መመሪያውን ሳትጥሱ መስመሮቹ ይስተካከላሉ። ሥዕል ያለበት አንቀጽ ላይ ግን ይህን አታድርጉ፣ ሥዕሉ ተቆርጦ ይቀራል።

ግራና ቀኙን እኩል ማድረግም አማርኛ ላይ ይከብዳል። ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው፣ ወርድ ደግሞ የአማርኛን ቃል በመስመር መጨረሻ ላይ አይከፍልም። «እንደማይመለሱላቸውም» የሚል ቃል ወደ ታች ሲወርድ የቀሩት ሦስት ቃላት መስመሩን ለመሙላት ይራራቃሉ። መመሪያው ካላስገደዳችሁ በግራ ብቻ አሰልፉ።

6. ፎንቱን በስታይል ጫኑት

አንቀጽ በአንቀጽ እየመረጣችሁ ፎንት አትቀይሩ። ሆም ላይ ካሉት ስታይሎች «ኖርማል»ን በቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ «ሞዲፋይ» በሉና ፎንቱንና መጠኑን እዚያ አስገቡ። ለ«ሄዲንግ» 1፣ 2 እና 3ም እንዲሁ አድርጉ። አማካሪያችሁ አንድ ቀን «ይሄን ፎንት ቀይረው» ቢላችሁ ሁለት ደቂቃ ይበቃችኋል።

ሁለት ቋንቋ ላለበት ጽሑፍ አንድ ወጥመድ አለ። ሁሉንም መርጣችሁ ታይምስ ኒው ሮማን ብትሉት፣ ከላይ ያለው የፎንት ሳጥን «ታይምስ ኒው ሮማን» እያለ አማርኛው ግን በኒያላ ወይም በኤብሪማ ሊቀመጥ ይችላል። በተቃራኒው ሁሉን ኖቶ ብትሉት እንግሊዝኛውም የኖቶ ይሆናል፣ የመመሪያው ታይምስ ኒው ሮማን ቀረ ማለት ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የፋይሉን ኮፒ አስቀምጣለሁ። ሙሉውን ታይምስ ኒው ሮማን አደርጋለሁ። ከዚያ ኮንትሮልና ኤች ተጭኜ የፍለጋና ተካ ሳጥኑን እከፍታለሁ። «ሞር» የሚለውን ነክቼ «ዩዝ ዋይልድካርድስ» ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ከላይ ባለው ሳጥን ይህን እጽፋለሁ፦ [ሀ-፼]። ከሀ እስከ ፼ ያለ ማንኛውም የእኛ ፊደል ማለት ነው፣ ሥርዓተ ነጥቡንም ይጨምራል። ከታች ያለውን ሳጥን ባዶ እተወዋለሁ፣ ነገር ግን ጠቋሚውን እዚያው አድርጌ ከ«ፎርማት» ሥር የአማርኛውን ፎንት እመርጣለሁ። «ሪፕሌስ ኦል»። በአንድ ጊዜ አማርኛው ሁሉ ወደ አማርኛ ፎንት፣ የቀረው በታይምስ ኒው ሮማን። ረጅም ፋይል ላይ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ጠብቁት።

እግረ መንገዳችሁን «፡፡» የሚለውን ፈልጋችሁ በ«።» ተኩት። ብዙዎቻችን ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየተጫንን አራት ነጥብ የጻፍን ይመስለናል። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ በአንዳንድ ፎንት ላይም ሰፋ ብሎ ሲታይ ያስታውቃል። ከአራት ነጥብ በፊት የገባ ባዶ ቦታም ካለ አጥፉት። ካልሆነ ነጥቡ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ወርዶ ይገኛል።

የቋንቋ ጥናት የምትሠሩ ሰዎች ለድምፅ ምልክቶች ሦስተኛ ፎንት ያስፈልጋችኋል። ዱሎስ ኤስአይኤል ከታይምስ ኒው ሮማን ጋር ስለሚመሳሰል አይጋጭም። ከሦስት ፎንት በላይ ግን አትሂዱ።

በላቴክ የምትጽፉ ከሆነ ዚላቴክን ወይም ሉዋላቴክን ተጠቀሙ። «ፎንትስፔክ» የሚባለው ፓኬጅ የፈለጋችሁትን የዩኒኮድ ፎንት በስሙ ይጠራላችኋል፣ «ፖሊግሎሲያ» ደግሞ አማርኛን ያውቃል። ኦቨርሊፍ ላይ የፎንቱን ፋይል ራሱን ከጽሑፋችሁ ጋር መጫን ትችላላችሁ።

7. ሰንጠረዥና ግራፍ

ከኤክሴል ወይም ከኤስፒኤስኤስ የሚመጣ ግራፍ የራሱን ፎንት ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴም አማርኛውን ሳጥን ያደርገዋል። ፎንቱን እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ቀይራችሁ አምጡት። እንቢ ካለ ሰንጠረዡን ወርድ ውስጥ እንደገና ሥሩት። መጠኑ ከ10 አይነስ።

8. ፒዲኤፍ አድርጉና ውስጡን ፈትሹ

ጽሑፉን ለአማካሪያችሁ በወርድ የምትልኩ ከሆነ፣ ከመላካችሁ በፊት ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብታችሁ «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይጓዛል። ከሥሩ «የተጠቀማችሁባቸውን ፊደላት ብቻ» የሚል አማራጭ ካለ ምልክቱን አንሱለት፣ አማካሪያችሁ እርማት ሲጽፉ ሌሎቹም ፊደላት ያስፈልጓቸዋል።

ለማተሚያና ለማስረከቢያ ግን ፒዲኤፍ ብቻ። «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍን ስትመርጡ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ፒዲኤፍ ኤ የሚል አለ፣ እሱን ምረጡ። ለረጅም ጊዜ ማከማቻ የተሠራ ዓይነት ነው፣ ፎንቶቹን ሁሉ ውስጡ ይይዛል።

ከዚያ ፒዲኤፉን በአክሮባት ሪደር ክፈቱ። ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንትስ። የተጠቀማችሁባቸው ፎንቶች በሙሉ በስም ተዘርዝረው ታገኟቸዋላችሁ። በየስማቸው ጎን «ኢምቤድድ» የሚል ቃል መኖር አለበት። የማታውቁት ስም ካለ፣ ለምሳሌ ኖቶ ብቻ ተጠቅማችሁ ኤብሪማ ከተገኘ፣ የሆነ ቦታ ያመለጠ አንቀጽ አለ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማውጫው ላይ፣ የገጽ ቁጥሩ ላይ ወይም የግርጌ ማስታወሻው ላይ ነው። ተመልሳችሁ አርሙ።

በመጨረሻ ፒዲኤፉን ስልካችሁ ላይ ላኩት። ስልካችሁ የእናንተን ፎንት ላያውቅ ስለሚችል ጥሩ ምስክር ነው። ከምዕራፍ አራት አንድ ረጅም አንቀጽ አንብቡ፣ ከዚያ አንድ ቃል በፍለጋው ሳጥን ጻፉና ፈልጉት። ከተገኘ ወደ ፎቶኮፒ ቤት መሄድ ይቻላል። ልጁ ሲያትመው «አክችዋል ሳይዝ» ወይም 100 ፐርሰንት እንዲያደርገው ንገሩት። «ፊት» (ከወረቀቱ ጋር አጣጥም) ካለው ገጹ ይጠብና 12 ብላችሁ የለፋችሁበት ፊደል ከ12 በታች ሆኖ ይወጣል። ሁሉንም ቅጂ ከማሳተማችሁ በፊት የግርጌ ማስታወሻ ያለበትን አንድ ገጽ ብቻ አሳትማችሁ እዩት።

እህቴ አሁን የሦስተኛ ዲግሪዋን ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት የፈተና ገጿን በሦስት ፎንት አትማ አመጣችልኝ። ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ይዘነው «ጭ»ን ስናስተያይ ቆየን። ኖቶን መረጠች።